ለካፊሉ የደወለለት ማን ነው?

(ማኅበራችን ለየቲም ደጋፊዎችና ለአሳዳጊ ቤተሰቦች በቆሼ አካባቢ ባዘጋጀው የውይይት መድረክ ላይ ከደጋፊዎች ግንኙነት ክፍል የቀረበ ንግግር። ለንባብ እንዲመች መጠነኛ እርማት ተደርጎበታል።)

ቢስሚላሂ ረህማኒ ረሂም።

ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ (ሱ.ወ.) የተገባ ነው። የአላህ እዝነትና ሰላም በነቢያችን በሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ሁሉ ላይ ይሁን።

 

እንድናገርበት የተሰጠኝ ርዕስ በወረቀት ላይ ሲነበብ ደረቅ ነው። «የደጋፊዎችን ግንኙነት በኮምፒዩተር መዝገብ ስለ መምራት» ይላል። ይህ የጸሐፊዎችና የሒሳብ ሠራተኞች ጉዳይ ነው ብላችሁ እንዳትሰላቹ ስለሰጋሁ ከኮምፒዩተሩ አልጀምርም፤ ከደብተሩ እጀምራለሁ።

ይህ የተሰበሰብንበት ሰፈር ስሙን ያገኘው ከቆሻሻው ነው። ግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል የከተማዋ ጥራጊ ሲቆለልበት የኖረው የረጲ ክምር መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም.፣ ቅዳሜ ምሽት፣ ተደርምሶ በሥሩ የነበሩትን ቤቶች በዋጠ ጊዜ ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ። ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤትም የሦስት ቀን ብሔራዊ ሐዘን አወጀ። ያን ሰሞን የተደረገውን መረባረብ አብዛኞቻችሁ ታስታውሳላችሁ። ብርድ ልብስ ተሸክሞ የመጣ፣ ምግብ አብስሎ ያቀረበ፣ ገንዘብ ያዋጣ ሙስሊምም ክርስቲያንም ነበረ። ከአሥራ አንድ ሳምንት በኋላ ረመዳን ሲገባ ደግሞ የሰው ልብ ይበልጥ ተከፈተ። እኛም ደብተር ዘርግተን፣ አንድ ልጅ በከፋላ ልያዝ ያለውን ሁሉ ስምና ስልክ ጻፍን።

ከዓመት በኋላ ያን ደብተር ስንገልጠው ከብዙ ስሞች ትይዩ ያለው የክፍያ ዓምድ ባዶ ሆኖ አገኘነው። «የሰው ነገር ነው፤ ሐዘኑ ሲቀዘቅዝ እጁም ቀዘቀዘ» ብለን ፈረድን። በዚህ ፍርድ ላይ ተኝተን ሌላ ስድስት ወር አለፈ። ከዚያ በኋላ ነው ከመካከላችን አንዱ እስቲ ልደውል ብሎ ጅዳ ለሚሠራ አንድ ካፊል የደወለው። ያ ወንድም የሰጠውን መልስ እስከ ዛሬ አልረሳውም። «ወንድሜ፣ ሦስት ወር ላክሁ፤ ደረሰኝ አልመጣልኝም። ልጁ ከዚያ ሰፈር ተነሥቶ ይሆናል፣ ወይም ሌላ ሰው ይዞት ይሆናል ብዬ ተውሁት። እናንተ ትደውላላችሁ ብዬ ስጠብቅ ነው ጊዜው የነጎደው» አለ።

በዚያው ጊዜ ውስጥ የልጁ አያት፣ ካፊሉ ሰልችቶት ተወን ብለው ደምድመው፣ ልጁን ከትምህርት ቤት አስቀርተው የሃይላንድ ጠርሙስ እየለቀመ እንዲሸጥ ልከውት ነበር። የአንድ ዓመት ትምህርት እንዲሁ ባከነ። ልብ በሉ፤ እዚህ ታሪክ ውስጥ ክፉ ሰው የለም። ሰጪው ሊሰጥ ይፈልጋል፤ አያቲቱ በትዕግሥት ይጠብቃሉ፤ እኛም ለየቲም የምንሠራ ሰዎች ነን። የጎደለው አንድ የስልክ ጥሪ ነበር። ያን ጥሪ የማድረግ ኃላፊነት ግን የማንም ሥራ ሆኖ አልተጻፈም።

በዚህ ምክንያት ነው ማኅበራችን የደጋፊዎችን መዝገብ ወደ ኮምፒዩተር ያዞረው። በዓለም ላይ ለበጎ አድራጎት ድርጅቶች የተሠሩ እንዲህ ያሉ ሶፍትዌሮች ጥቂት አይደሉም። ከ2005 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለክፍያ የሚገኘው ሲቪሲአርኤም አንዱ ነው። ሴልስፎርስ የተባለው ትልቅ ኩባንያም ለበጎ አድራጎት ድርጅቶች 10 የተጠቃሚ ፈቃዶችን በነፃ ሲሰጥ ቆይቷል። የትኛው ይሻላል የሚለው ክርክር ብዙ ሰዓት በልቶብናል፤ አሁን ሳስበው የሚገባውን ያህል ክብደት ያለው ጥያቄ አልነበረም። ክብደት ያለው፣ በሶፍትዌሩ ውስጥ «ታስክ ቴምፕሌት» የሚባለው፣ እኛ በአማርኛ «የሥራ ቅጽ» ያልነው ነገር ነው።

የሥራ ቅጽ ማለት ሊደረግ የሚገባውን ሥራ በተረጋጋ ልቡና አንድ ጊዜ ተቀምጦ በቅደም ተከተል መጻፍ ነው። አንድ ነገር በተከሰተ ቁጥር ያ ቅደም ተከተል ራሱ ይዘረጋል። ለምሳሌ አዲስ ካፊል ሲመዘገብ ቅጹ ይከፈታል፦ በዚያው ቀን ወይም በማግሥቱ አንድ ሰው ደውሎ ያመሰግነዋል፤ በሦስተኛው ቀን ሒሳብ ክፍሉ ደረሰኙን ይልካል፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ የቤት ለቤት ሠራተኛዋ ቤተሰቡን ጎብኝታ የልጁን ሁኔታ ትጽፋለች፤ በሦስተኛው ወር የመጀመሪያው ሪፖርት ይደርሰዋል። እያንዳንዱ ሥራ የሠሪው ስምና የመጨረሻ ቀን ተጽፎበታል። አንዱ ሥራ ሳይጠናቀቅ ቀጣዩ እንዳይከፈት ማድረግም ይቻላል። ቤተሰቡ ሳይጎበኝ ሪፖርት እንዳይጻፍ የከለከልነው በዚህ መንገድ ነው፤ ሳያዩ የሚጽፉት ሪፖርት ምን እንደሚመስል ሁላችንም እናውቃለን።

ክፍያ ሲቋረጥ የሚከፈት ሌላ ቅጽ አለ። ለእኔ ከሁሉ የሚበልጠው እርሱ ነው። ወሩ ካለቀ በሰባተኛው ቀን ይነቃል። የመጀመሪያው ሥራ «ካፊሉን አስታውስ» የሚል አይደለም፤ «የራሳችንን ሒሳብ መርምር» ይላል። ገንዘቡ ገብቶ በሌላ ሰው ስም ተመዝግቦ ይሆን? ደረሰኝ ሳንልክ ቀርተን ይሆን? ቴሌብር ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ከመጣ በኋላ ይህ ማጣራት ቀሎልናል፤ ክፍያው ከላኪው ስልክ ቁጥር ጋር ስለሚመጣ የማን እንደሆነ ቶሎ ይለያል። ስልኩ የሚነሣው ከዚህ በኋላ ነው። የጥሪው የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገርም ስለ ልጁ ደኅንነት እንዲሆን ቅጹ ላይ ጽፈናል፤ ስለ ገንዘብ አይደለም። ካፊሉ አልቻልኩም ካለ እናመሰግነዋለን፣ ዱዓ እናደርግለታለን፣ በዚያው ቀንም ለልጁ ሌላ ካፊል የመፈለጉ ቅጽ ይከፈታል። እስኪገኝም ቤተሰቡ እንዲያውቀው ይደረጋል። አያቲቱ በግምት እንዳይኖሩ ማለት ነው።

አንዳንድ ወንድሞች «ይህ የምዕራባውያን የንግድ ዘዴ ነው፤ ኸይር ሥራ በኒያ እንጂ በማሽን አይሠራም» ብለውናል። የዚህን ስጋት እውነተኛ ክፍል ኋላ እመለስበታለሁ። ነገር ግን መጻፍንና በጊዜ መወሰንን ከባዕድ አልተማርነውም። በሱረቱል በቀራህ የብድር ውል በጊዜ ገደቡ እንዲጻፍ በሰፊው ታዟል። በሱረቱ ኒሳእም የየቲሙ ገንዘብ ለባለቤቱ ሲመለስ ምስክር እንዲቆም ተደንግጓል። ኸሊፋው ዑመር ኢብኑል ኸጣብ (ረ.ዐ.) ድርሻ የሚገባቸውን ሰዎች ስም የያዘውን ዲዋን ያቋቋሙት የሰው ትውስታ ለሰፊ አደራ እንደማይበቃ ስላዩ ነው። ኒያው በልብ ነው፤ አደራው ግን ተጽፎ የሚጠበቅ ነው።

ይሁንና ሶፍትዌሩን እንደመጣ ብትቀበሉት ያሳፍራችኋል። እኛን አሳፍሮናል። እነዚህ ፕሮግራሞች የተሠሩት የቤተሰብ ስም ላለው ሕዝብ ነው። ሰዒድ የሚባል ሰው የአባቱ ስም ይመር ቢሆን፣ ኮምፒዩተሩ «ይመር»ን የቤተሰብ ስም አድርጎ ይወስድና የምስጋናው ደብዳቤ «ክቡር አቶ ይመር» ብሎ ይወጣል። በሕይወት የሌለ አባት ተመሰገነ ማለት ነው! የየቲም ጉዳይ ላይ ለምንሠራ ሰዎች ይህ ስሕተት ከሌላው ይልቅ ይከብዳል፤ የልጁ ሁለተኛ ስም የሟች አባቱ ስም ነውና። ስለዚህ በቅጾቻችን ሁሉ ላይ የአጠራር ዓምድ ጨመርን። ሰውየው ሐጂ ይባሉ እንደሆነ፣ ሼኽ ወይም ኡስታዝ፣ እትዬ ወይም ወይዘሮ፣ ራሳቸውን ጠይቀን የነገሩንን እንጽፋለን። ሙሐመድ አሕመድ የሚባል ደጋፊ ስንት እንዳለን ብነግራችሁ ትስቃላችሁ፤ የምንለያቸው በስልካቸው ነው፣ እርሱም ባልና ሚስት በአንድ ስልክ ሲጠቀሙ ይምታታል።

ሁለተኛው ችግር የዘመን አቆጣጠር ነው። ሶፍትዌሩ የሚያውቀው የፈረንጁን ካላንደር ብቻ ነው። እኛ የምንኖረው ግን በሦስት ነው። የትምህርት ቤቱ መስከረም በሀገራችን አቆጣጠር ይመጣል፤ በውጭ ያለው ደጋፊ ደመወዙን በእ.ኤ.አ. ወር ይቀበላል፤ ረመዳን፣ ዘካና ዒድ በሒጅራ ናቸው። የጨረቃው ዓመት ከፀሐዩ በ11 ቀን ገደማ ያጥራል። ረመዳን በ2009 ዓ.ም. የገባው ግንቦት 19 ቀን ነበር፤ በ2017 ዓ.ም. ግን የካቲት 22 ቀን ገባ። በስምንት ዓመት ውስጥ ወደ ሦስት ወር የሚጠጋ ተንቀሳቅሷል። የረመዳንን ማስታወሻ በአንድ የግንቦት ቀን ላይ ቸንክሮ የተወ ማኅበር መልእክቱ የሚደርሰው ዒዱ ካለፈ ከብዙ ሳምንት በኋላ ነው። መፍትሔው ቀላል ነው፤ በቅጹ ላይ ቀን አይጻፍም፣ «ከረመዳን መግቢያ 40 ቀን ቀድሞ» ተብሎ ይጻፋል፣ የመግቢያው ቀንም በየዓመቱ በሰው እጅ ይሞላል። የዘካ ማስታወሻም እንዲሁ ከእያንዳንዱ ሰው የዘካ ቀን ይቆጠራል። ዘካውን በፀሐይ ዓመት እየቆጠረ የሚያወጣ ሰው በ33 ዓመት ውስጥ የአንድ ዓመት ዘካ እንደሚያመልጠው ለብዙዎች ስንነግራቸው ይደነግጣሉ።

የሥራ ቀኖቹም ነገር አለ። ፕሮግራሙ ቅዳሜንና እሑድን ዕረፍት አድርጎ ጥሪዎቹን ወደ ሰኞ ያሸጋግራል። ሳዑዲ ዐረቢያ ግን ከ2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሳምንት ዕረፍቷ ዓርብና ቅዳሜ ነው። ዋሽንግተን ያለችው እህት ደግሞ እኛ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ስንደውልላት በእርሷ ዘንድ እኩለ ሌሊት አልፏል። ይህን የመሰለውን ዝርዝር እዚሁ ላቁም።

አሁን ወደዚያ ወደ ወንድሞች ስጋት ልመለስ። ቅጾቹን በጀመርን ሰሞን ማስታወሻው ያለ ሰው እጅ በአጭር የጽሑፍ መልእክት ራሱ እንዲላክ አድርገን ነበር፤ ድካም ይቀንሳል ብለን ነው። አንድ ቀን አንዲት ወጣት ወደ ቢሮአችን መጣች። የአባቷን ስልክ ይዛለች። ሦስት መልእክቶች አሳየችኝ፤ ሦስቱም «የዚህ ወር ክፍያዎ ዘግይቷል» የሚሉ። «አባቴን ከቀበርን ገና ሦስተኛ ሳምንታችን ነው» አለች። አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። ያ ሰው በደብተሩ ዘመን ከመጀመሪያዎቹ ስሞች አንዱ ነበሩ፤ ሁለት ልጆችን ያለማቋረጥ ያሳደጉ። የጀናዛቸው ዕለት ከመካከላችን አንድ ሰው እንኳ አልቆመም፤ የቆመላቸው የኮምፒዩተሩ ጥሪ ብቻ ነበር። ልጅቱ ልትወጣ ስትል ዞር ብላ «እነዚያን ልጆች አሁን ማን ያዛቸው?» ብላ ጠየቀችኝ። በዚያች ሰዓት የምመልስላት አልነበረኝም።

ከዚያ ወዲህ ስለ ክፍያ የሚናገር መልእክት ሁሉ አስቀድሞ በሰው እንዲታይ ደነገግን። ቅጹ ሥራውን ለሠራተኛው ያስታውሰዋል እንጂ በሠራተኛው ፈንታ ከደጋፊው ጋር አይነጋገርም። «አቁም» የሚል ምልክትም አበጀን፤ ለቅሶ፣ ሕመም ወይም ከሥራ መፈናቀል በተሰማ ጊዜ ማንኛውም ሠራተኛ ይህን ምልክት ቢያደርግ በዚያ ስም ላይ የተከፈተው ሥራ ሁሉ ይቆማል። በምትኩ የሚከፈተው ቅጽ አንድ መስመር ብቻ ነው ያለው፦ ሄደህ ጠይቅ።

ሌላም ልንጠነቀቅበት የሚገባ ነገር አለ፤ እርሱም ልጁን ይመለከታል። አላህ (ሱ.ወ.) ሰደቃን በመመጻደቅና በማስከፋት እንዳናበላሽ አስጠንቅቆናል፤ የቲሙንም እንዳንጨቁን በሱረቱ ዱሐ አዝዟል። ብዙ ማኅበራት ካፊሉን ደስ ለማሰኘት ሲሉ ልጁ በየሦስት ወሩ የምስጋና ደብዳቤ እንዲጽፍ፣ ፎቶ እንዲነሣ ያደርጋሉ። እኛም በመጀመሪያው ቅጻችን ላይ «ፎቶ አንሣ» የሚል ሥራ ነበረን። ከአንድ ቤት የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ሠራተኛችን በመጣች ቁጥር ወደ ጓሮ እየሸሸች ስታስቸግር ነው ነገሩን ያሰብነው። የዚህ ሰፈር ልጆች ከአደጋው ጊዜ ጀምሮ ካሜራ ጠግበዋል። መስመሩን ሰረዝነው። አሁን ሪፖርቱ የክፍል ውጤት፣ የጤናና የቤቱን ሁኔታ በአጭሩ ይነግራል፤ ደብዳቤ የሚጽፈው ልጁ ራሱ ሲፈልግ ነው። የቤቱ አድራሻና የአሳዳጊዋ ስልክም ለካፊሉ አይላክም። ይህ ከአደብም በላይ የሕግ ጉዳይ ሆኗል፤ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ የሰዎችን፣ ይልቁንም የልጆችን መረጃ የያዘ ሁሉ በኃላፊነት ሊጠብቀው ይገባል።

ከአዋጅ ላይ ሳለሁ ስለ ወጪውም ልናገር፤ መጠየቃችሁ አይቀርምና። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 የአስተዳደር ወጪ ከ20 በመቶ እንዳይበልጥ ይወስናል። የስልኩና የኮምፒዩተሩ ወጪ የሚሸፈነው ለዚሁ ተለይቶ ከተሰጠ ሰደቃ ነው፤ ከዘካ አንነካም። የዘካውን ገንዘብ በመዝገቡ ላይ ለብቻው የለየነው ሌላም ምክንያት ስላለ ነው። በሸሪዓችን የቲም የሚባለው ለአካለ መጠን ሳይደርስ አባቱ የሞተበት ነው። በቆሼ ግን እናታቸውን ያጡ ብዙ ልጆች አሉ። የዘካ ተቀባዮችም በሱረቱ ተውባህ የተዘረዘሩት ስምንት ወገኖች ናቸው፤ የቲም ስለሆነ ብቻ ዘካ የሚገባው የለም፣ ድሃ ስለሆነ ይገባዋል። እናቱን ያጣውም ልጅ ድሃ ከሆነ በዚያው በር ይገባል። ስለዚህ ገንዘብ በገባ ቁጥር የቅጹ የመጀመሪያ ጥያቄ «ዘካ ነው ወይስ ሰደቃ?» የሚል ነው። ሰጪው ዝም ካለ እንደ ፈቃዳችን አንገምትም፤ ደውለን እንጠይቃለን።

አሳዳጊ እናቶችና አያቶች ስለ አንድ ነገር በተለይ እንዲያውቁ እፈልጋለሁ። ከፋላ ማብቂያ አለው። ቀድሞ ልጁ 18 ዓመት ሲሞላው ካፊሉም ቤተሰቡም በድንገት ነበር የሚነገራቸው። አሁን 17 ዓመት ሲገባ የሚከፈት ቅጽ አለ። ከዓመት በፊት ከልጁ ጋር ተቀምጠን ስለ ሙያ ሥልጠና ወይም ስለ ከፍተኛ ትምህርት እንመክራለን፤ ካፊሉንም ከዚህ በኋላ ሌላ ሕፃን ይይዝ እንደሆነ እንጠይቃለን። ይህ ቅጽ ገና አዲስ ነው፤ እስካሁን ሁሉንም በሰዓቱ አድርሰናል ብዬ አልዋሽም።

በመጨረሻም ሥራ አለብን። በር ላይ የምትቀበሏት ካርድ አራት ጥያቄ ብቻ ነው ያላት። በምን ስም እንጥራችሁ? የምትመርጡት የጥሪ ሰዓት መቼ ነው? የዘካ ቀናችሁ በሒጅራ ስንት ነው? አራተኛዋ ደግሞ እናንተን በስልክ ባናገኛችሁ የምንጠይቀው የቅርብ ሰው ስምና ቁጥር ነው። ይህችን አራተኛዋን ብዙ ሰው ባዶ ይተዋታል። ያቺ ወጣት የአባቷን ስልክ ይዛ የመጣችው የእርሳቸው ካርድ በዚያ በኩል ባዶ ስለነበረ ነው። ብዕር በጠረጴዛው ላይ አለ፤ ማንበብ ለሚያስቸግራቸው ልጆቻችን ቆመው ይሞላሉ።